ቤቱ ካለቀ በኋላ አትጥሩኝ

«እባክህ ገባ ብለህ እይልኝ፤ ለእማዬ ግን እንዳትነግራት» አለኝ ከአሜሪካ የደወለው የመጀመሪያ ደንበኛዬ። ዓመታት በፎርማንነት ሠርቼ፣ ጎንደር ላይ አዲስ ቤት እየመረመርኩ ለባለቤቱ ሪፖርት መጻፍ የጀመርኩ ሰሞን ነው። ዕቃዬ ቱንቢ፣ ውኃ ልክ፣ ሜትርና መዶሻ ነው።

ቤቱ አዘዞ መስመር ላይ ያለ ባለ አንድ ፎቅ ነው። ቀለሙ ያምራል። የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ግን ውኃውን ወደ መኝታ ቤት ይመልሳል። ልስኑን ነካ ነካ ሳደርገው ሦስት ቦታ ላይ ባዶ ድምፅ ሰጠ። ይህ ሁሉ ይስተካከላል። ያስጨነቀኝ የማይታየው ነው። ዋልካ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱ ምን ያህል ጠልቋል? የምሰሶው ፌሮ ስንት ነው? ስታፋው በስንት ሳንቲሜትር ታሰረ? አርማታው ቢያንስ ለ7 ቀን ውኃ ጠጥቷል? ልስን ከለበሰ በኋላ ይህን በመዶሻ ማወቅ አይቻልም።

ሠሪው ወደ ጎን ወሰደኝ። «ደህና ነው ብለህ ጻፍ፤ ገና ብዙ ሥራ አገናኝሃለሁ» አለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ የወሩን የቤት ኪራይ ገና አልከፈልኩም ነበርና ልቤ አመነታ። በመጨረሻ ያየሁትን ዘርዝሬ፣ ስለ መሠረቱና ስለ ምሰሶው «አላየሁም» ብዬ ጻፍኩ። ደንበኛዬ ተቆጣ። «ታዲያ ለምኑ ነው የከፈልኩህ?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3039 ሥራ ተቋራጩን ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ለሥራው ጥራትና ጥንካሬ ዋስ ያደርገዋል። እኛ ዘንድ ግን ስንቱ ቤት ነው ቀን የተጻፈበት የርክክብ ሰነድ ያለው? ሠሪው የአክስት ልጅ፣ ውሉ በቃል፣ ርክክቡ በቁልፍና በምርቃት ነው። ወረቀት መጠየቅ ዘመድን መጠርጠር ይመስለናል። ግድግዳው ሲሰነጠቅ መብቱ አለ፣ ማስረጃው የለም።

ስለዚህ ዛሬ ለሚደውልልኝ ሁሉ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ቤቱ የት ደረሰ?» ነው። መሠረቱ ሳይሞላ፣ ሶሌታው ሳይሞላ፣ ልስን ሳይጀመር ሦስት ጊዜ ልምጣ፤ ፎቶ ከነቀኑ ይቀመጥ። ክፍያውም ከባለቤቱ እንጂ ከሠሪው አይሁን። ቁልፍ ከተረከበ በኋላ የሚደውለው ግን አሁንም ይበዛል።

በቀደም የዚያ ደንበኛ እናት ቡና ጠሩኝ። «ልጄ፣ ቤቱ ደህና ነው አይደል?» አሉኝ።

«የሚታየው ተስተካክሏል፣ እማማ» አልኳቸው። ዓይኔ ግን ምሰሶው ላይ ነበር።