ስለ ትልቁ ኮምፒዩተር የፍጥነት ቍጥር

በባሕር ዳር ከተማ፣ በጣና ዳር፣ በመንግሥት ሥራ ላይ ለምንገኝ ሰዎች የመኪና ኀይል በቍጥር ተጽፎ ሲቀርብልን ወዲያው አሜን ማለት ያዳግተናል። ከከተማችን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በጢስ ዓባይ የሚገኘው፣ በ1993 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ማመንጫ፣ ኀይሉ 73 ሜጋዋት ነው ተብሎ ተመዝግቧል። ቍጥሩ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን በ2002 ዓ.ም. 460 ሜጋዋት ያለው የጣና በለስ ማመንጫ ተከፍቶ የሐይቁን ውሃ በምዕራብ በኩል መውሰድ በጀመረ ጊዜ፣ ጢስ ዓባይ ለዓመታት ተጠባባቂ ሆኖ ቆየ። መኪናው ያው ነው፤ ያነሰው ውሃው ነው።

ይኸን ያስታወሰን አንድ ወኪል ያመጣልን ወረቀት ነው። ሜይንፍሬም የሚባለውን ትልቅ ኮምፒዩተር ለመሥሪያ ቤታችን ሊሸጥ ፈልጎ፣ ኀይሉን በሚፕስ፣ ይኸውም በአንድ ሰኮንድ በሚፈጽማቸው ትእዛዞች ብዛት በሚሊዮን ቈጥሮ፣ አንድ ቍጥር ብቻ አስፍሯል። ትእዛዝ ሁሉ ግን እኩል አይደለም፤ አንዱ ሁለት ቍጥር ሲደምር ሌላው ረጅም ጽሑፍ ከቦታ ወደ ቦታ ያዛውራል። ከዲስክ የሚመጣውን መዝገብ በመጠበቅ የሚያልፈውም ጊዜ በቍጥሩ ውስጥ አይታይም። ከሜይንፍሬም ሠሪዎች ዋነኛው አይ.ቢ.ኤም. እንኳ የመኪኖቹን አቅም በልዩ ልዩ የሥራ ዐይነት እየለየ ያሳትማል፤ አንዱ መኪና በአንድ ሥራ ከሌላው እጅግ ሲበልጥ በሌላው ሥራ ጥቂት ብቻ ይበልጣልና።

ፈተናው አስቀድሞ ሲታወቅ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል፤ መምህራን አንባቢዎቻችን ይኸን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ስፔክ የተባለው ማኅበር እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1989 ለአነስተኞቹ ኮምፒዩተሮች ባወጣው የመፈተኛ ስብስብ ውስጥ ማትሪክስ 300 የሚባል ፕሮግራም ነበረ። ኮምፓይለር ሠሪዎች ለእርሱ የሚስማማ ብልኀት ባገኙ ጊዜ የዚያ ፈተና ውጤት በብዙ ዕጥፍ ዘለለ፤ ሌላው ሥራ ግን በዚያው ልክ አልፈጠነም። ማኅበሩም በ1992 ባወጣው አዲስ ስብስብ ማትሪክስ 300ን ተወው።

እኛ የጠየቅነው ቀላል ነገር ነው። የወር መጨረሻ የደመወዝ ሒሳባችን፣ በዚያው ሰዓት ሌሎች ሠራተኞች መዝገብ እየፈለጉ፣ በሚሸጥልን መኪና ላይ ይሠራና ጊዜው ይለካ። ወኪሉ መኪናው ሳይገዛ ከውጭ አገር አይመጣም አለን። እንግዲያውስ ስሞቹ የተፋቁበትን መዝገባችንን መኪናው ወዳለበት ይውሰድልን፤ ከሠራተኞቻችንም አንዱ ሰዓት ይዞ አጠገቡ ይቁም። የሚከፈለው የሕዝብ ገንዘብ ነውና ይኸ መብዛት የለበትም። ደብዳቤውን ፈርመን ልከናል፤ መልሱን እንጠብቃለን።