በግማሽ የነገርነው ታሪክ



ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ረመዳን ሊጋመስ ሲል፣ ቅዳሜና እሁድ በምናስተምርበት መድረሳ በር ላይ አንዲት እናት ጠበቁን። ሰላምታውን በወጉ ሳይጨርሱ «ኡስታዝ፣ ለመሆኑ ልጄን ምን ብለው ነው ያስተማሩት?» አሉን። ድምፃቸው የቁጣ ሳይሆን የድንጋጤ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃቸው የ9ኛ ክፍል ተማሪና የትምህርት ቤቱ የቅርጫት ኳስ ቡድን አባል ነው። በዚያ ሳምንት ቡድኑ ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር ግጥሚያ ነበረው፤ ሰዓቱም ከቀኑ 9 ሰዓት። የድሬዳዋን የ9 ሰዓት ፀሐይ፣ ያውም በሲሚንቶ ሜዳ ላይ፣ ለሚያውቅ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። ልጁ ጾሙን እንደያዘ ገባ። ጨዋታው ከተጋመሰ በኋላ ዓይኑ ጭልም አለበትና ሜዳው ላይ ቁጭ አለ። የስፖርት መምህሩ ውሃ ቢያቀርቡለት «ሐኪም አልጠጣም! እኔም አልጠጣም!» ብሎ እጃቸውን ገፋ። በዙሪያው የነበሩት ልጆች ሐኪም ጥሩልኝ ያለ መስሏቸው ወደ ጤና ጣቢያ ሊሮጡ ተነሡ። አልሐምዱሊላህ፣ ጥላ ሥር አስተኝተው ራሱን በውሃ ሲያርሱለት ተሻለው። ቡድኑ ግን ተሸነፈ።

ያ «ሐኪም» የሕክምና ባለሙያ አልነበረም። ሐኪም ኦላጁዎን ነው። ስሙንም ለልጁ የነገርነው እኛ ነን።

ታሪኩን እኛ የሰማነው በልጅነታችን፣ ከቁርአን ቤት ስንወጣ ከታላላቆቻችን አፍ ነው። ሐኪም የሚባል ናይጄሪያዊ ሙስሊም አሜሪካ ሄደ፤ በዓለም ትልቁ በሆነው የቅርጫት ኳስ ሊግ ረመዳንን እየጾመ ተጫወተ፤ ውሃ ሳይቀምስ ግዙፎቹን ሁሉ ጣላቸው፤ ዋንጫውንም ወሰደ። በቃ፣ ይኸው ነበር። አድገን መምህራን ስንሆን እኛም በተራችን ጨው ጨምረንበት ለተማሪዎቻችን አወረስነው። ጾም ያደክማል የሚል ልጅ ሲገጥመን ከኪሳችን እንደሚወጣ መድኃኒት ነበር የምንጠቀምበት።

እናቲቱን ይቅርታ ጠይቀን ሸኘናቸው። በማግስቱ ልጁ ራሱ መጣ። አንገቱን ደፍቶ ጥቂት ከቆየ በኋላ «ኡስታዝ፣ እሱ ጾሞ አሸነፈ። እኔም ጾሜ ነበር። የኔ ጾም ምን ጎድሎት ነው?» አለን።

በመምህርነት ዘመናችን ብዙ ጥያቄ ገጥሞናል። እንዲህ አፋችንን ያስያዘን ግን የለም። ልጁ ስለ ኳስ አልነበረም የሚጠይቀን። አላህ (ሱ.ወ.) ጾሙን እንዳልተቀበለው ጠርጥሮ ነበር፤ ለጥርጣሬው ማስረጃ ያደረገውም የግጥሚያውን ውጤት ነው። ይህን መለኪያ ያቀበልነው ደግሞ እኛ ነን። «ነገ እንነጋገር» ብለን አሰናበትነው። ያን ምሽት ከተራዊሕ በኋላ ቁጭ ብለን የዚያን የውድድር ዘመን ታሪክ ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው ስናገላብጥ ሱሑር ደረሰ።

ሐኪም በእ.ኤ.አ. 1963 በሌጎስ ከሙስሊም ዮሩባ ቤተሰብ ተወለደ። ለትምህርት ወደ ሂዩስተን ከተማ ሄዶ በ1984 የከተማው ቡድን ሂዩስተን ሮኬትስ በአንደኛ ደረጃ መረጠው። (ማይክል ጆርዳን በዚያው ዓመት 3ኛ ነበር የተመረጠው፤ ይህን ስንናገር ልጆች አያምኑንም።) በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቶሎ የሚቆጣ፣ ከዳኛም ከተጋጣሚም ጋር የሚጋጭ ወጣት ነበር። ወደ ዲኑ በሙሉ ልቡ የተመለሰው እዚያው ሂዩስተን ከገባ ከዓመታት በኋላ ነው። ሲጻፍ «አኪም» ይባል የነበረው ስሙ ወደ ትክክለኛው «ሐኪም» የተስተካከለውም በ1991 ነው። በ1993/94 የውድድር ዘመን የዓመቱ ኮከብ ተጫዋች፣ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይና የፍጻሜው ኮከብ ተብሎ ቡድኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሻምፒዮንነት አበቃ።

ታላላቆቻችን የነገሩን ዘመን ግን የሚቀጥለው፣ የ1994/95ቱ ነው። ረመዳን በዚያ ዓመት ከፌብሩዋሪ ወር ጋር ገጠመ፤ በእኛ አቆጣጠር ጥር ማለቂያና የካቲት 1987 መሆኑ ነው። ሐኪም ጾመ። ሊጉም የዚያን ወር ምርጥ ተጫዋች ብሎ ሸለመው። እስከዚህ ድረስ ታላላቆቻችን አልዋሹንም።

የቀረውን ነው ያልነገሩን። አንደኛ ነገር፣ በዚያ ወር ሂዩስተን ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት አካባቢ ነው፤ አብዛኛው የሊጉ ጨዋታ ደግሞ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ በማታ ነው። እንግዲያው አብዛኛውን ጨዋታ አፍጥሮ ነው የገባው ማለት ነው። በጾም አፍ የሚያጋጥመው የቀን ልምምዱና ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት በኋላ የሚደረጉት ጨዋታዎች ናቸው። ይህም ቀላል አይደለም፤ 48 ደቂቃ ከሚፈጀው ጨዋታ በአማካይ ወደ 40 ደቂቃ ያህል ሜዳ ላይ የሚቆይ ሰው ነበር። ነገር ግን «ወሩን ሙሉ ውሃ ሳይቀምስ ተጫወተ» የሚለው ጨው የኛ ነው።

ሁለተኛው ይበልጥ አስደነገጠን። ረመዳን ካለፈ ከሳምንታት በኋላ ሐኪም ደም ማነስ ታሞ በርካታ ጨዋታዎች አመለጡት። ጾሞ የተሸለመውና ደም አንሶት የተቀመጠው ያው አንድ ሰው ነው። ውሃውን የገፋው ልጃችን ይህን ሰምቶ ቢሆን ኖሮ ምን ያደርግ ነበር? እያልን ብዙ ቆየን።

ቡድኑም ቢሆን በዚያ ዓመት ሲያሸንፍ የከረመ አልነበረም። በረመዳኑ አጋማሽ፣ ፌብሩዋሪ 14 ቀን፣ ኦቲስ ቶርፕን ሰጥቶ የሐኪምን የዩኒቨርሲቲ ጓደኛ ክላይድ ድሬክስለርን ከፖርትላንድ አመጣ። ሁለቱ በ1983 በዩኒቨርሲቲዎች ውድድር እስከ ፍጻሜ ደርሰው በአንዲት ቅርጫት የተሸነፉ ጓደኛሞች ናቸው። እንዲያም ሆኖ ሮኬትስ ከ82 ጨዋታ 47 አሸንፎ 35 ተሸነፈና በምዕራቡ ምድብ 6ኛ ሆኖ ጨረሰ። በ6ኛነት ገብቶ ዋንጫ የበላ ቡድን ከዚያ በፊት አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር እኛ እንኳ፣ ኳስ እምብዛም የማይገባን ሰዎች፣ ትንፋሽ ያጥረናል። በመጀመሪያው ዙር 60 ጨዋታ ያሸነፈው ዩታ ጃዝ 2 ለ1 መራቸው፤ አንድ ሽንፈት ብቻ ሲቀራቸው ተመልሰው 3 ለ2 አለፉ። ቀጥሎ 59 ያሸነፈው ፊኒክስ ሰንስ 3 ለ1 መራቸው፤ ሦስት ጨዋታ በተከታታይ አሸንፈው፣ የመጨረሻዋን በፊኒክስ ሜዳ 115 ለ114 ጨርሰው ወጡ። አምስት ጊዜ «ዛሬ ከተሸነፋችሁ ወደ ቤት» ተባሉ፤ አምስቱንም ጊዜ አልሄዱም። በምዕራቡ ፍጻሜ የዓመቱ ኮከብ ከተባለው ከዴቪድ ሮቢንሰን ቡድን ከሳን አንቶኒዮ ስፐርስ ጋር ተገናኝተው 4 ለ2 ረቱት፤ ሐኪም በዚያ ግጥሚያ በአማካይ ከ35 ነጥብ በላይ አስቆጠረ። በፍጻሜው የሻኪል ኦኒልን ኦርላንዶ ማጂክ 4 ለ0 አሸነፉ። ዋንጫው የተነሣው ጁን 14 ቀን 1995፣ ሰኔ 7 ቀን 1987 ነው።

ሰኔ! ረመዳኑ ያለቀው በየካቲት። በጾሙና በዋንጫው መካከል ከሦስት ወር በላይ አለ፤ በዚያ መካከል ሽንፈት አለ፣ በሽታ አለ፣ 6ኛነት አለ። እኛ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠን፣ አንዱን የሌላው ደመወዝ አድርገን ነበር ለልጆች የምንነግረው። ሐኪም ግን ቀደም ባሉት ዓመታትም፣ ምንም ዋንጫ ባልነበረበት ጊዜ፣ ጾሟል፤ የሚጾመው ግዴታው ስለሆነ ነው።

በማግስቱ ልጁን አስቀምጠን ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርነው። ጤነኛ ሰው ለኳስ ብሎ ጾሙን እንደማይተው፣ ነገር ግን ራሱን ሊስት የደረሰ ሰው ታማሚ መሆኑን፣ ለታማሚ ደግሞ መፍታት የተፈቀደና ቀኑን በኋላ ቀዷ እንደሚያወጣ፣ ያ ውሃ ያን ሰዓት ቢጠጣ ኖሮ ኃጢአት እንዳልነበረ አስረዳነው። ስለ ሽንፈቱ ስንነግረው ብዙም አላዳመጠም። ደም ማነሱ ላይ ስንደርስ ግን ቀና አለ።

«ታሞ ነበር? ለምን አልነገሩንም?»

«አላወቅንም ነበር» አልነው። ለተማሪ ይህን ማለት እንዴት እንደሚከብድ መምህር የሆነ ያውቀዋል።

ዝም ብለን እንዳንለያይ አንድ ሌላ ነገር ጨመርንለት፤ ያን ሌሊት ካነበብነው ሁሉ ለኛ ትልቁ እሱ ነበርና። በዚያን ዘመን የታዋቂ ተጫዋቾች ስም ያለበት ጫማ ከ100 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ድሃ እናቶች ልጃቸው እንዳያለቅስባቸው ሲሉ ከአቅማቸው በላይ ይገዙ ነበር። ሐኪም ይህን ተመልክቶ ከስፓልዲንግ ኩባንያ ጋር ተስማማና በ35 ዶላር ገደማ የሚሸጥ ጫማ በስሙ አወጣ። ይህን ለማድረግ ጉልበትም ቁመትም አያስፈልግም። እሱ ያገኝ የነበረው ገንዘብ ግን ቀርቶበታል። ልጁ ይህን ሲሰማ የራሱን ጫማ አየ፤ ጎኑ በጥቁር ክር የተሰፋ ነበር። «እማዬ ናት የሰፋችው» አለን።

ከዚያ ቀን በኋላ የስፖርት መምህሩን ሄደን አነጋገርናቸው። እሳቸው የእኛ ዲን ተከታይ አይደሉም፤ ቢሆንም ከኛ ይልቅ የደነገጡት እሳቸው ነበሩ። በሚቀጥለው ረመዳን የቡድኑን ልምምድ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል አደረጉት። በሜዳው አንድ ጫፍ ያለችው አንዲት መብራት ናት፤ ኳሱ ወደ ጨለማው ሲሄድ ልጆቹ በድምፁ ነው የሚፈልጉት። ልጆቹ መግሪብ ሰግደው፣ በቴምርና በውሃ አፍጥረው ይመጣሉ። እኛም አንዳንድ ቀን ከዒሻ በፊት ጎራ እያልን እናያቸዋለን። መጀመሪያ የሄድን ዕለት ልጁ ከሜዳው ዳር ሮጦ መጣና በፌስታል የተቋጠረ ነገር አቀበለን። ገና አልበረደም፤ የእናቱ ሳምቡሳ ነበር።