የጓሮዬ ቱታ

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ካለው ቤቴ ጓሮ የተከልኳቸው ስድስት እግር ቲማቲሞች ቅጠላቸው ላይ ነጭ ካርታ የመሰለ ነገር ወጣባቸው። ፀሐይ የጠበሰው መስሎኝ ነበር። አንዱን ቅጠል ወደ ብርሃን አንስቼ ሳየው ግን አንዲት አረንጓዴ ትል በላይኛውና በታችኛው ቆዳ መሃል ገብታ ለስላሳውን ትግጣለች። ኩሷ ሳይቀር ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል!

ቱታ አብሶሉታ ትባላለች። (ለጎረቤቴ ስሟን ስነግራት «የስፖርቱ ቱታ?» ብላ ሳቀችብኝ።) ትውልዷ ደቡብ አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ስፔን ገባች፤ በ2012 ደግሞ እኛ አገር ታየች።

እናቲቱ ከ6 ወይም 7 ሚሊ ሜትር የማትበልጥ ግራጫ የእሳት እራት ናት፤ በዕድሜዋ እስከ 260 እንቁላል ትጥላለች። ትሏ ቅጠሉን፣ ግንዱን፣ ፍሬውንም ሰርስራ ከጠገበች በኋላ ብዙውን ጊዜ አፈር ላይ ወርዳ ሙሽሬ ትሆናለች። እንደ አርባ ምንጭ ባለ ሙቀት ይህ ሁሉ በወር ገደማ ያልቃል፤ ከዚያ እንደ አዲስ። መድኃኒት ቢረጭም ቅጠሉ ራሱ ጣሪያ ሆኖ ይከልላታል። ብናደድባትም ብልሃቷን አለማድነቅ አልቻልኩም።

የታመሙትን ቅጠሎች ለቅሜ ፌስታል ውስጥ አስሬ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኳቸው። ማታ በረንዳው አምፖል ዙሪያ አንዲት ትንሽ ግራጫ ነገር ስትዞር አየሁ።