በወርቅ ሐረግ መካከል ያለች ስም የለሽ

አበው «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። አነጋገሩ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ጽሑፍ የሚያወርሰን ጸሐፊው ሊጽፈው፣ አስጻፊውም ሊያስጽፈው የወደደውን ብቻ መሆኑን አብሮ ማስታወስ ያሻል። ዜና መዋዕል የንጉሥን ዘመቻ፣ የመኳንንትን ሹመትና ሽረት ያወርሰናል፤ የተዳረችውን፣ ልጅ ያሳደገችውን፣ የተፈታችውንና የወረሰችውን ሴት ግን ከቁም ነገር አይቆጥራትም። የሴትን ሕይወት የሚሻ ሰው ወደ ቤተሰብ ሣጥን ግርጌ መውረድ አለበት። በዚያ የጋብቻ ውል፣ ኑዛዜ፣ የወጪ ደብተርና ደብዳቤ ያገኛል።

ይህን ሐሳብ በልቤ ያጸኑት በ19ኛው ምዕተ ዓመት በኢራን የተጻፉ የጋብቻ ውሎች ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዘመኑ እስከ 1925 ድረስ ኢራንን የገዛው የቃጃር ሥርወ መንግሥት ዘመን ነው። ኢራናዊቷ የታሪክ ምሁር አፍሳነህ ናጅማባዲና የሥራ ባልደረቦቻቸው በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ «የሴቶች ዓለማት በቃጃር ኢራን» በሚል ስም ባቋቋሙት የዲጂታል ቤተ መዛግብት፣ በየቤተሰቡ እጅ ተበታትነው የነበሩ ሰነዶች ምስላቸው ተነሥቶ ለማንም ተመልካች ክፍት ሆነዋል። ፋርስኛ ስለማላነብ በእንግሊዝኛ የተሰጠውን ማብራሪያ እየተከተልሁ ብዙ ምሽት በእነዚህ ምስሎች ፊት አሳልፌአለሁ።

ከባለጸጋ ቤት የወጣ ውል ለዓይን ግሩም ነው። ዙሪያውን በወርቅ ቀለምና በጥልቅ ሰማያዊ አበባ የተሳለ ጌጥ ያጥረዋል፤ የእኛን የብራና መጻሕፍት ሐረግ የሚያውቅ ሰው የእጁን ብልሃት ቶሎ ይረዳዋል። ጽሑፉ ጋብቻን የፈቀደውን፣ ዝሙትን የከለከለውን ፈጣሪ በማመስገን ይጀምራል። ቀጥሎ የሙሽራውና የአባቱ ማዕረግ ይደረደራል። የሙሽሪት ተራ ሲደርስ ንጽሕት፣ የተሸፈነች፣ የተጠበቀች እየተባለ ቅጽል በቅጽል ላይ ይነባበርና ስሟ ከዚያ ሁሉ መጋረጃ ኋላ ብቅ ይላል። በመጨረሻም ዋናው ጉዳይ ይመጣል፤ ይኸውም መህሩ ነው።

መህር ባል ለሚስቱ የሚገባላት ሀብት መሆኑን የአገራችን ሙስሊሞች ያውቁታል። በኢራን ውሎች ውስጥ በቶማን የተቆጠረ ገንዘብ፣ ጌጣጌጥ፣ መስተዋትና መቅረዝ፣ ቁርኣን፣ የቤትና የእርሻ ድርሻ ይዘረዘራል። ርስት የሚለካው በዳንግ ነው። ሙሉው ስድስት ዳንግ ስለሆነ ሦስት ዳንግ የተጻፈላት ሴት የግማሽ ቤት ባለቤት ናት። በኅዳጉ ላይ የምስክሮች ማኅተም ያርፋል።

ይህ ወረቀት ለጌጥ ብቻ የተጻፈ አልነበረም። ባል ያለ ምክንያት ሚስቱን መፍታት በሚችልበት ሕግ ሥር መህር በባል አንገት ላይ የተንጠለጠለ ዕዳ ነበር። ብዙ ጊዜ ሳይከፈል ይቆያል፤ ፍቺ ወይም ሞት ሲመጣ ግን ሴቲቱ ወረቀቷን ይዛ ዳኛ ፊት መቆም ትችላለች። ሴቶች ንብረት ይገዙ፣ ይሸጡ፣ በራሳቸው ማኅተም ያትሙ፣ ለመስጊድ ውርስ ያቆሙ እንደነበር እነዚሁ ሰነዶች ይመሰክራሉ። «የምሥራቅ ሴት በመጋረጃ ውስጥ ተኝታ ኖረች» የሚለውን የመንገደኞች ተረት ሰነዶቹ ያፈርሱታል።

ይህን ስል ጭቆናውን ለማሳነስ አይደለም። የናስረዲን ሻህ ልጅ ታጅ አልሰልተነህ በ1914 በጻፈችው የሕይወት ታሪኳ፣ ገና ሕፃን ሳለች ሳይገባት ውል እንደታሰረላት በምሬት ትናገራለች። ከእርሷ ቀደም ብላ ቢቢ ኻኑም አስታራባዲ ሴቶችን «ለማረም» ለተጻፈ መጽሐፍ መልስ የወንዶችን ነውር የሚዘረዝር መጽሐፍ ጽፋለች፤ በ1907ም ቴህራን ውስጥ በቤቷ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ከፍታለች። እነዚህ ሴቶች የተቃወሙት ከወርቁ ሐረግ ኋላ ያለውን ኑሮ ነው።

የተውኔት ጸሐፊ እንደመሆኔ በሥነ ሥርዓቱ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሳበኝ አንድ ልማድ አለ። ቃል አስገቢው ሙሽሪትን ፈቃደኛ መሆኗን ሲጠይቃት ወዲያው አትመልስም። አጃቢዎቿ ሴቶች በእርሷ ፈንታ «አበባ ልትለቅም ሄዳለች» ይላሉ። ሁለተኛ ሲጠየቅ «የጽጌረዳ ውሃ ልታመጣ ሄዳለች» ይላሉ። በሦስተኛው ነው «አዎ» የምትለው። ልማዱ ጨዋታ ይመስላል፤ ነገር ግን መላው ጉባኤ ትንፋሹን ይዞ አንዲት ልጅ አፏን እስክትከፍት ይጠብቃል። ዝምታዋ ዋጋ አለው፤ የሚጠብቀው ሰው አለና።

እንግዲህ ወደ ዝርዝሩ እንመለስ። በአንዳንድ ባለጸጎች ውል ውስጥ ከመስተዋቱና ከመቅረዙ፣ ከቤቱና ከእርሻው ጋር አንዲት ገረድ ወይም አንድ ወንድ ባሪያ ከነዋጋው ተጽፎ ይገኛል። ኢራናውያን ለቁርኣን «ዋጋ» የሚለውን ቃል መጥራት ነውር ስለሚመስላቸው «ሀዲያ»፣ ማለትም ስጦታ ይሉታል። ለመጽሐፉ እንዲህ የተጨነቀ ልማድ ለሰው ዋጋ ሲያወጣ አልተጨነቀም።

በዘመኑ የኢራን አነጋገር ከአፍሪካ የመጡ ባሪያዎች በመነሻቸው ይለያሉ። ከዛንዚባር በኩል የመጣው «ዛንጊ»፣ ከእኛ በኩል የመጣው «ሐበሺ» ይባላል። ሐበሺዋ በገበያው ከፍ ያለ ዋጋ ታወጣ ነበር። በደቡብና በምዕራብ ኢትዮጵያ የባሪያ ፈንጋይ የያዛት ልጅ ከሲራራ ነጋዴ ጋር በእግሯ ወደ ባሕር ትወርዳለች፤ ከምጽዋ ወይም ከታጁራ ቀይ ባሕርን ትሻገራለች። ከሐጅ የሚመለስ ኢራናዊ በሒጃዝ ይገዛታል፤ አለዚያም በፋርስ ባሕረ ሰላጤ በቡሽህር ወደብ ትራገፋለች። በ1848 መሐመድ ሻህ በባሕር የሚመጣውን የአፍሪካ ባሪያ ንግድ በአዋጅ ከለከለ፤ የየብሱ መንገድ ግን አልተዘጋም። ባርነት በኢራን በሕግ የተሻረው በ1929 ነው። እኛም በሌላው ለመፍረድ የምንቸኩል አይደለንም፤ የፈነገላትም የሸጣትም የአገሯ ሰው ነበረና፤ የባርነት ሕጋዊነት በአገራችን በአዋጅ የተሻረውም በ1942 ነው።

በገዥዋ ቤት አዲስ ስም ይወጣላታል። ሱንቡል፣ ያሰመን፣ ዛዕፈራን፤ የአበባ፣ የሽቶ፣ የቅመም ስም ነው። እናቷ ያወጣችላት ስም ከማንኛውም የፋርስ ወረቀት ላይ አይገኝም። ብዙዎቹ ሞግዚት ሆነው የጌቶቻቸውን ልጆች አሳደጉ። ታጅ አልሰልተነህ ራሷ ከወላጅ እናቷ አብልጣ የምትወዳት ጥቁር ሞግዚቷን እንደነበር ጽፋለች። ፍቅሩ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የጻፈችው ያደገችው ናት እንጂ ያሳደገችው አይደለችም።

አንድ ደራሲ በዚህ ጊዜ ምን ያድርግ? የመጀመሪያው ፈተና ስም ማውጣት ነው። ለዚህች ልጅ የትውልድ መንደር፣ የናፍቆት እንጉርጉሮና የማምለጫ ሌሊት ፈጥሮ መድረክ ላይ ማቆም ለብዕር ቀላል ነው፤ ተመልካቹም አልቅሶ ተጽናንቶ ይሄዳል። ነገር ግን ገዥዋ አንድ ጊዜ በወደደው ስም ጠርቷታል፤ እኔ በወደድሁት ስም ሁለተኛ ብጠራት ከእርሱ ምን ያህል እለያለሁ? ኪነ ጥበብ የጎደለውን መሙላት ብቻ ሳይሆን የጎደለውን ጎደሎነቱን ማሳየትም ሥራው ነው።

ስለዚህ ይህን ተውኔት የጻፍሁ እንደሆነ ሁለት ሴቶች በአንድ ወረቀት ላይ ይቆማሉ። አንደኛዋ በቅጽል ብዛት ስሟ የተሸፈነ፣ ሁለተኛዋ ስሟ የተወሰደባት። አንደኛዋ ሦስት ጊዜ ትጠየቃለች፤ ሁለተኛዋን ማንም አንድ ጊዜ እንኳ አይጠይቃትም። የሙሽሪትን መብት ለማስከበር የተጻፈው ያው ውል የሌላይቱን ሰውነት ለሙሽሪት ንብረት አድርጎ ያስረክባል። የአንዷን ታሪክ ያለ ሌላዋ ያነበበ ሰው የወረቀቱን ግማሽ ብቻ አንብቧል።

ግማሹን ለማንበብ ወደ ቴህራን መሄድ አያስፈልግም። የጎንደር ዘመን አብያተ ክርስቲያናት በመጻሕፍቶቻቸው ኅዳግ የርስት ሽያጭና ኑዛዜ ከነምስክሮቹ መዝግበዋል፤ በዚያም የሴቶች ስም አለ። የየቤቱ ሣጥን ግን ገና አልተከፈተም። ኢራናውያን ቤተሰቦች የአያቶቻቸውን ውል ለአደባባይ ሲያወጡ ጌጡን ብቻ ሳይሆን በዝርዝሩ ውስጥ ያለውን ኃፍረት ጭምር አውጥተዋል። የእኛም ሣጥን በዚያው ልብ ይከፈት።