ስም ያልተጻፈበት አቤቱታ

በነሐሴ ወር ከደባርቅ ማዶ ያሉት የሰሜን ተራሮች በደመና ተሸፍነው ሳሉ፣ በውጭ አገር የሥነ ፈለክ ትምህርት የምትማረው ልጄ ወደ ዳባት መጥታ አንድ አቤቱታ ስትጽፍ ሰነበተች። የምትለምነውም መሬት ወይም ሹመት አይደለም፤ በቺሊ አገር በፓራናል ተራራ ላይ ባሉት ታላላቅ መነጽሮች ሰማይን የምትመለከትበትን ሰዓት ነው እንጂ። የእነዚያ መነጽሮች መስተዋት ስፋቱ 8.2 ሜትር ሲሆን፣ በእንጦጦ ያሉት የአገራችን ሁለት መነጽሮች ግን እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ናቸው።

ልመናዋ ከ100 ሰዓት በላይ መሆኑን ባየሁ ጊዜ፣ «ልጄ ሆይ፣ ጥቂት ብትለምኚ አይሻልምን?» አልኋት።

«አባባ፣ እርስዎ በመስኖ ተራዎ ግማሽ ማሳ ብቻ ቢያጠጡ የቀረው ዘር ይጸድቃልን? ነገር ግን የኔ ሌሊት ከሌላው ሰው ተራ የሚወሰድ ነውና፣ በጥቂቱ የማይፈጸምበትን ምክንያት ማስረዳት ይገባኛል» ስትል መለሰችልኝ።

እኔም የአባት ነገር ሆኖ፣ ስለ ቤተ ሰባችን ክብር ጥቂት ቃል እንድትጨምርበት መከርኋት። እርስዋም ሳቀች። ለካ መርማሪዎቹ የአመልካቹን ስም አያዩም! ሃብል የተባለው የሕዋ መነጽር ይህን ሥርዓት እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ2018 ዓ.ም. በያዘ ጊዜ፣ ቀድሞ ያንስ የነበረው የሴቶች የመፈቀድ መጠን ከወንዶቹ በለጠ።

መልሱ ገና አልመጣም። እኔ ግን ለልጄ የማወርሳት ትልቁ ሀብት ስሜ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ስሜ በማይገባበት ደጅ ሥራዋ ብቻውን ቆሞ ሲጠባበቅ አይቼ፣ ከቀድሞው ይልቅ ኰራሁባት።