ስሜ ሰሌዳው ላይ ያልወጣበት ጊዜ

የስንብት ደብዳቤዬ አራት መስመር ናት፤ በቃሌ ይዣታለሁ። «በተደረገው የአደረጃጀት ለውጥ ምክንያት» ብላ ትጀምርና የመኪናውን ቁልፍ እንዳስረክብ ታዛለች። «ሴት» የሚል ቃል የለባትም። ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ስሰማው የኖርኩት ቃል ወረቀት ላይ ሲደርስ ጠፋ።

የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነበርኩ፤ ተሳቢ ነው የምነዳው። ሞጆ፣ አዋሽ፣ ገዋኔ፣ ሚሌ፣ ሎግያ፣ ሰመራ፣ ጋላፊ። የአፋር ሙቀት ጎማ ያፈነዳል። መጀመሪያ የፈነዳብኝ ቀን ሦስት መኪኖች ቆሙ። ሹፌሮቹ ወርደው ጎማ ስቀይር በስልክ ቀረጹኝ። ክሪክ ያቀበለኝ ግን አንድም የለም።

መንዳቱ አይደለም የሚከብደው፤ ማርሽ ሴት ወንድ አይለይም። የሚከብደው መቆሙ ነው። ወንዶቹ ከጎማው ኋላ ሄደው ይመለሳሉ። እኔ ሽንት ቤት ያለው ማደያ እስካገኝ ድረስ፣ በዚያ ሙቀት፣ ውሃ አልጠጣም። አልቤርጎ ስገባ «ከማን ጋር ነሽ?» ይሉኛል። «ከመኪናዬ ጋር» እላለሁ።

አንድ ቀን የስምሪት ኃላፊው ጠራኝ። አባቴ የሚሆን ሰው ነው፤ ጋሼ ነው የምለው። «ልጄ፣ ረዳቱ ከሴት ጋር መንገድ አላድርም ብሏል። ላንቺው ብዬ ነው፣ ትንሽ ዕረፊ» አለኝ። «እሺ ጋሼ፣ ረዳት ይቀየርልኝ» አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ሰሌዳው ላይ አልወጣም። ሹፌር ደግሞ የሚኖረው በውሎ አበል ነው፤ ካልወጣሽ ደመወዙ ለቤት ኪራይም አይበቃም። ሰባት ሳምንት ግቢው ውስጥ ተቀምጬ ሌሎች ሲወጡ አየሁ። በመሃል አንድ ባልደረባችን ተሳቢውን ገለበጠ። እግዜር ይመስገን፣ ሰው አልተጎዳም። እሱ ማስጠንቀቂያ ተጻፈለት። እኔ፣ መኪና ጭሬ የማላውቀው፣ ስንብት ተጻፈልኝ። መኪናዬን ለእሱ ሰጡት። አደረጃጀቱ የተለወጠው የእኔ ወንበር ላይ ብቻ ነበር።

እናቴ «ተመስገን፣ ከነነፍስሽ ወጣሽ» አለች። እኔም ተኛሁ። እውነት ለመናገር አፍሬ ነበር፤ የሆነ ነገር ያጠፋሁ መሰለኝ።

ያነቃችኝ ፍርድ ቤት የምትሠራ ጎረቤታችን ናት። «ደብዳቤው ከተሰጠሽ ስንት ጊዜ ሆነው?» አለችኝ።

«ሁለት ወር ከሦስት ሳምንት።»

«ተነሺ! ዛሬውኑ!»

ለካ ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ክስ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 26 ደግሞ ጾታ፣ እርግዝና ወይም የጋብቻ ሁኔታ ለስንብት ሕጋዊ ምክንያት እንደማይሆን በግልጽ ይላል። ሕጉ ነበረ፤ እኔ ነኝ ተኝቼ የነበርኩት።

ረዳቴን ምስክር ቆጠርኩ። ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም፤ እንጀራው እዚያው ነው። መጣ። «ከእሷ ጋር አላድርም ብለሃል?» ብለው ጠየቁት።

«እኔ?» አለ ግራ ገብቶት። «እኔን ማን ጠየቀኝ?»

ሰባት ሳምንት ሙሉ በልቤ የረገምኩት ልጅ ነው። እሱን እያየሁ ማልቀስ ጀመርኩ።

ዳኛዋ ወደ ሥራ መመለስ ነው ካሳ የምትፈልጊው ብላ ጠየቀችኝ። ካሳው የ180 ቀን ደመወዝ ነው፤ ቤት ኪራይ ላለባት ሰው ትንሽ ብር አይደለም። እናቴ ከኋላ ሆና ስታየኝ ይሰማኛል። «ልመለስ» አልኩ።

ተመለስኩ። የሰጡኝ የግቢውን አሮጌ መኪና ነው። ጋሼ ሰላምታዬን አይመልስም። ረዳቴ ግን ከእኔ ጋር ነው። ባለፈው ሚሌ ላይ ጎማ ፈንድቶብን አንድ ሹፌር አቆመና ስልኩን አወጣ። ረዳቴ «ወንድሜ፣ ስልኩን አስቀምጥና ክሪኩን ያዝልን» አለው።

ያዘልን።