ሰባት ቤት ፍለጋ ሱሉልታ

የልጅ ልጄን ለመጠየቅ ሽማግሌ መጣ። የጠያቂው ወገን እንደኛው የሱሉልታ ሰው ሆኖ ተገኘ፤ ሰባት ቤት ሳይቆጠር እሺ አይባልም። የጎጃምን መንገድ ይዘን ጉለሌን ስናልፍ፣ ይህ የሰፈር ስም የቱለማ ኦሮሞ ጎሳ ስምም እንደሆነ ነገርኳት፤ ገላንም እንዲሁ።

የራስ ጎበና ዳጬ ልጅ ወዳጆ የአፄ ምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋን አግብተው ወሰን ሰገድን መውለዳቸውን መጽሐፍ መዝግቦታል። የእኛን ሐረግ ግን የሚያውቁት አጎቴ ብቻ ናቸው።

አጎቴ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የሁለቱንም ወገን በጣታቸው ቆጠሩ። ስድስተኛው ላይ ዝም ሲሉ ልጅቷ እጄን ጨበጠች። ስሙን አስታውሰው ቀጠሉ፤ እስከ ሰባት አልተገናኙም።

እልል ካልን በኋላ ደብተር አስገዛሁ። እናንተም ቆጣሪው በሕይወት ሳሉ ጻፉ።